ከክኒኑ ጎን ምን ይጨመር? ሥር ለሰደደ ሕመም የሚሆኑ ደጋፊ ሕክምናዎች ንጽጽር፣ ለወሎ ነርሶችና አስታማሚዎች

በስኳር፣ በደም ግፊት፣ በልብ ወይም በሚጥል በሽታ ክትትል ላይ ያለ ሰው ነርስ ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የራሱን ነገር ይዞ ነው። ወይ ጠበል ጀምሯል፣ ወይ ዱዓ አስደርጓል፣ ወይ ጥቁር አዝሙድ በማር ይልሳል፣ ወይ ማታ ማታ እግሩን ያሳሻል። መጨመሩን እሱ ቀድሞ ወስኖታል። ለነርሷ የሚቀረው የትኛው ለየትኛው ችግር እንደሚረዳ፣ የትኛው ባይጠቅምም እንደማይጎዳ፣ የትኛው ደግሞ መድኃኒቱን ገፍቶ እንደሚያስቀር ለይቶ ማሳየት ነው።

ፍርዳችንን ቀድመን እንናገር። ሰውነት ለሚወጠርበትና እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው የትንፋሽ ልምምድና ጡንቻ ማፍታታት ይቅደሙ። ተስፋ ለቆረጠ፣ ከቤት መውጣት ለተወ ሰው ማሳጅም መዓዛም ብዙ አይፈይዱለትም፤ ለእሱ የሚሆነው ችግርን ቆራርሶ መፍታትና ወደ ሥራና ወደ ሰው በትንሽ በትንሹ መመለስ ነው። ክኒኑን ለሚዘል ሰው ምክር ከመደርደር ይልቅ ምክንያቱን ከራሱ አፍ የሚያወጣ ውይይት ይሻላል። ጠበልና ዱዓ ሕክምናውን እስካላስቆሙ ድረስ ከማንም ጋር አይጣሉም። ቅጠላ ቅጠል ላይ ግን ጠንከር ማለት ያስፈልጋል።

ከመምረጥ በፊት የሚጠየቅ

"ባህላዊ መድኃኒት ይወስዳሉ?" የሚል ጥያቄ "ኧረ የለም" የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል፤ ታማሚው ተግሳጽ እየጠበቀ ነውና። እንዲህ ሲባል በሩ ይከፈታል፦ "እማማ፣ ከእኛ ክኒን ሌላ የሚያሽልዎት ነገር አለ? ጠበልም ይሁን ዱዓ፣ ቅጠልም ቢሆን ይንገሩኝ፤ ከክኒኑ ጋር እንዳይጣላብዎት ብዬ ነው።" ቀጥሎ የሚመጡት ጥያቄዎች መጠንና ሰዓት ናቸው፦ ስንት ስኒ? በባዶ ሆድ ነው? ክኒኑን ያን ቀን ወስደዋል?

የስሜቱን ሁኔታ በዓይን ከመገመት ፒኤችኪው 9 የሚባለውን መጠይቅ መጠቀም ይሻላል። ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ድብርት ሊኖርበት ስለሚችል በደንብ መታየት አለበት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና የእንቅልፍ መዛባት ከስኳሩ ወይም ከልቡ ሕመም ሊመጡ ስለሚችሉ ድምሩ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ያኔ ደስታ ማጣትንና ተስፋ መቁረጥን የሚጠይቁትን የመጀመሪያ 2 ጥያቄዎች አትኩሮ ማየት ይረዳል። 9ኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። መልሱ ከ0 ሌላ ከሆነ ድምሩ ስንትም ቢሆን ያንኑ ዕለት ለብቻ ተቀምጦ መነጋገር ግዴታ ነው።

ትንፋሽና ጡንቻ

ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተለመዱም ነርስ አይፈልጉም። ልዩነታቸው በጊዜ ነው፦ ትንፋሹ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፣ የጡንቻው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል።

ለትንፋሹ ጀርባን አስደግፎ መቀመጥ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ ማድረግ፣ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ያህል ይሆናል። ጠዋትና ማታ ይሠራ። የሚበላሸው ሰው "በደንብ ተንፍስ" ሲባል በኃይልና በጥልቀት ሲስብ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከመጠን በላይ ይወጣና ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱን ይነዝረዋል፣ ጭንቀቱም ይብሳል። ስለዚህ ትንፋሹ ዝግ ያለ ይሁን፣ ትልቅ አይሁን። አስም ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ላለበት ሲያስወጣ ከንፈሩን እንደ ማፏጨት አጥብቦ ቢሆን ይቀለዋል። ለሳምንታት ከተዘወተረ የደም ግፊትን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ክኒን የሚተካ ቅናሽ ግን አይደለም፤ ይህንን ለታማሚው ሁለት ጊዜ መናገር አይከፋም።

ለጡንቻው ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ፦ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ እጅ፣ ትከሻ፣ ፊት። እያንዳንዱን 5 ሰከንድ ያህል ማጠንከር፣ ከዚያ 20 ሰከንድ ያህል መልቀቅ። ሥራው ያለው መልቀቁ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ለመልቀቁ አይታገስም፣ ቶሎ ወደ ሚቀጥለው ይዘላል። ሌላው ስህተት ሲያጠነክሩ ትንፋሽ መያዝ ነው፤ ግፊትን ለጊዜው ሽቅብ ያደርሳል። ግፊቱ ያልተረጋጋለት ሰው በግማሽ ኃይል ይሥራ ወይም ትንፋሹን ብቻ ይያዝ። ለእንቅልፍ ከሆነ አልጋ ላይ ይሠራ፤ መሃል ላይ ቢተኛ የተፈለገውም እሱ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በገጠሩ ባለፈበት ወቅት ከባድ ነገር ያዩ ሰዎች ዛሬ በስኳርና በግፊት ካርድ ይመጣሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሰውነቱን እንዲያዳምጥ ማድረግ ያየውን ሊመልስበት ይችላል። ዓይኑን ገልጦ ወለሉን እያየ ይሥራ፤ እግሩ መሬት መርገጡን ይወቅ፤ በፈለገ ሰዓት እንዲያቆም አስቀድሞ ይነገረው። ማይንድፉልነስ የሚባለውን፣ ሐሳብን አሁን ባለው ነገር ላይ የማሳረፍ ልምምድም ሲያስቡ ይኸው ይሠራል። ሙሉ ፕሮግራሙ 8 ሳምንት፣ በየሳምንቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚጠይቅ ከገጠር ለሚመላለስ ታማሚ አንመክረውም።

እጅ፣ እግርና መዓዛ

ቀለል ያለ የእጅና የእግር ማሳጅ ለሕመምና ለድንጋጤ ጊዜያዊ ማረፊያ ይሰጣል። ትልቁ ጥቅሙ ልጅ ወይም ባለቤት ተምሮ ቤት ውስጥ ሊሠራው መቻሉ ነው። ለእያንዳንዱ እጅ ወይም እግር 5 ደቂቃ፣ ትንሽ የምግብ ዘይት ወይም ቫዝሊን፣ ከጣት ወደ ላይ በመዳፍ።

የስኳር ታማሚ እግር ላይ ግን ከመታሸቱ በፊት መታየት ይቀድማል፦ በጣቶቹ መሃል፣ ተረከዙ ሥር፣ ጥፍሩ ዙሪያ። ቁስል ካለ አይታሽም። ቅባት በጣቶች መሃል አይገባም፤ እርጥበቱ ፈንገስ ይጋብዛል። የነርቭ ጉዳት ያለበት እግር ሙቀት ስለማይሰማው በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ፍም አጠገብ ማሞቅ፣ የጋለ ድንጋይ መያዝ ክልክል ነው። ደሴ ላይ ብርዱ ሲጠና ብዙ እግር የሚቃጠለው እንዲህ ነው። የመታጠቢያው ውሃ በክርን ይለካ፣ በእግር አይሞከር።

አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ባቱን ካመመው አይነካም፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሐኪም። አጥንት ሲሰበር ወይም ሲወልቅ የሚጠራ ወጌሻ ሥራው ሌላ ነው፤ ለቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም በኃይል መጫንና መሳብ አያስፈልግም።

ዋግምት በምላጭ ደም የሚያስወጣ ከሆነ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስድ የልብ ታማሚና ቁስሉ ለማይድንለት የስኳር ታማሚ አይሆንም። ለሌላውም ቢሆን ምላጩ አዲስ ካልሆነ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ይተላለፉበታል።

የመዓዛ ሕክምና ላይ ብዙ አንቆይም። የላቬንደር ዘይት ውድ ነው፣ ማስረጃውም ቀጭን ነው። ቤቱን ደስ የሚያሰኝ ከሆነ ጠጅ ሳር መጎዝጎዝ ምንም አይልም፤ የዕጣንና የከሰል ጭስ ግን አስም ያለበትን ሰው ሕመሙን ያስነሳበታል፤ ቡናው ሲፈላ መስኮት ይከፈት።

መንዙማ፣ በገና፣ ወዳጃ፣ ጠበል

ሙዚቃ ለሕመምና ለጭንቀት ከሚረዱት ቀላል መንገዶች አንዱ ነው፤ የሚሠራው ግን ታማሚው ራሱ የመረጠው ሲሆን ነው። በወሎ አንዱ መንዙማ ይጠይቃል፣ በአጠገቡ አልጋ ያለው በገና። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ለክፍሉ በሙሉ በስልክ ድምፅ ማጉያ መክፈት ለአንዱ ሕክምና፣ ለሌላው ሁከት ነው።

ወዳጃ ላይ ሰው ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ የታመመው ስሙ ይጠራል። ብቸኝነትን በማቃለል በኩል ከብዙ የሠለጠነ የቡድን ሕክምና አያንስም ብለን እናምናለን። የሚያስቸግረው ጫቱ ነው። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ግፊት፣ ልብ ወይም የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ከዚያ ሌሊት በኋላ ያለው ቀን ከባድ ይሆናል። ታማሚው ይሂድ፣ ይቀመጥ፣ አሚን ይበል፤ ጫቱን ይለፈው። ይህንን ከነርስ ይልቅ ዱዓ የሚያደርጉት አባት ቢነግሩት ቃሉ ይሰማል፤ ስለዚህ እሳቸውን ቀድሞ ማነጋገር የሥራው አካል ነው። በማግስቱ ለምርመራ የሚመጣ ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ቢገኝ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ይጠየቅ።

ጠበልን በተመለከተ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ "ጠበል ከጀመርኩ ክኒን አይፈቀድም" ለሚል ሰው ይህ ሊነገረው ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ጠበል በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ፣ ጾሙም እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሄድ፣ የስኳር ታማሚ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ግሊቤንክላሚድ ከምግብ ጋር የሚሄድ የስኳር ክኒን ነው፤ ምግቡ እስከ ቀትር ከቆየ ክኒኑም አብሮ ይቆይ። ኢንሱሊን ግን በራስ ውሳኔ አይዘለልም፤ መጠኑና ሰዓቱ ከሐኪም ጋር ይስተካከላል። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ጨርሶ ካቆመ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም መቀባጠር ከታየ፣ ወይም የስኳሩ ልኬት ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። ስኳሯ በኪሱ እንድትሆን፣ ጾም መፍታት ቢያስፈልግም እንዳይሳቀቅ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይስማማ።

የልብ ድካምና የኩላሊት ታማሚ ፈሳሽ ይለካለታል። ሐኪሙ በቀን 1 ሊትር ተኩል ብሎ ከወሰነ ጠበሉም ከዚያው ላይ ይቆጠራል፤ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ መለኪያ ይሁን። ጠጥቶ ማስመለስ ለእነዚህ ሰዎች ሌላ አደጋ ነው፤ ክኒኑም አብሮ ይወጣል፣ የደም ጨውም ይዛባል። ግሸን ማርያም ለመስከረም 21 የሚወጣ የልብ ታማሚ አቀበቱን ማሰብ ያለበት ከሳምንት በፊት ነው፣ እግሩ ሥር ደርሶ አይደለም።

የሚጥል በሽታ ላይ አንላላም። የሚጥል በሽታ ክኒን የሆነውን ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቋረጥ የማያባራ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ይገድላልም። ጠበል ቦታ ሲሄድ ክኒኑን ይዞ ይሂድ፣ ሰው አብሮት ይሁን፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለብቻው አይግባ።

ቅጠላ ቅጠል

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ በወጥ መጠን ምግብ ናቸው፤ የሚያከራክር የለም። ችግሩ ተወቅጠው፣ ተጨምቀው፣ በየቀኑ በብዛት ሲወሰዱ ነው። ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲሆን ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን የሚወስድን ሰው ደም ማፍሰስ ያባብሳል፤ ድዱ መድማቱ፣ ሽንቱ መቅላቱ ይጠየቅ። አብሽና ሽፈራው ስኳር የማውረድ ባህርይ ስላላቸው ከግሊቤንክላሚድ ወይም ከኢንሱሊን ጋር ሲደራረቡ ከልክ በላይ ያወርዱታል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ድብልቅ ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። ታማሚው "አልተውም" ካለ ቢያንስ አንዱን ብቻ ይያዝ፣ በአንድ ስኒ ይለካ፣ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ስኳሩ ወይም ግፊቱ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለካለት።

በንግግር የሚሰጡ ሕክምናዎች

እዚህ ምርጫውን የሚወስነው ያለው ጊዜና የሠለጠነ ሰው ነው። ሲቢቲ የሚባለው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ለድብርትም ለጭንቀትም ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 ቀጠሮ፣ በየቀጠሮው አንድ ሰዓት ገደማ፣ የሠለጠነ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይፈልጋል። ያ ደግሞ ትልልቅ ከተሞች ላይ ነው። ድብርቱ ከባድ ሲሆን ወደዚያ መላክ ተገቢ ነው። መለስተኛ ለሆነው ግን ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሠሩ ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ፣ ማለትም ምክንያቱን ከራሱ ከታማሚው አፍ የሚያወጣው ውይይት ነው፤ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ለክኒን መዝለል፣ ለጨው፣ ለጫት፣ ለሲጋራ ይሆናል። እንዲህ ይሄዳል፦

"አባባ፣ የግፊቱን ክኒን በየቀኑ መዋጥ ምን ያህል ያስፈልገኛል ይላሉ? ከ0 እስከ 10 ቢሰጡት?"

"4 ልበልሽ።"

"ለምን 1 አላሉም?"

"ያው ወንድሜን ግፊት አይደል የጣለው፣ ጎኑ አልንቀሳቀስ ብሎ ቀረ።"

"ወንድምዎ ላይ ያዩት አለ ማለት ነው። 4ቱ 6 እንዲሆን ምን ቢስተካከል ይሻላል?"

"ሽንት ያበዛብኛል ልጄ። ገበያ የምወጣ ለት እተወዋለሁ፣ የት ልቀመጥ?"

ምክንያቱ ወጣ። የሚያሸናውን ክኒን ገበያ ባለበት ቀን ሲመለሱ ከሰዓት መውሰድ ይቻላል፤ ለሐኪሙ ነግሮ ማስተካከል ነው። "ለምን 10 አላሉም?" ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ሰበቡን ሲደረድር ይውል ነበር፤ "ለምን 1 አላሉም?" ግን ክኒኑ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ራሱ እንዲናገር ያደርገዋል። የዚህ መንገድ ዋና መበላሻ ነርሷ በ2ኛው ደቂቃ ላይ ወደ ምክር መዝለሏ ነው። ሌላው ደግሞ ከባድ ድብርት ላለበት ሰው መጠቀም ነው፤ እሱ ፈቃደኝነት አልጎደለውም፣ አቅም ነው የጎደለው።

ሁለተኛው ችግርን ቆራርሶ መፍታት ነው። "ኑሮ ከበደኝ" የሚፈታ ችግር አይደለም። "ከሚሴ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ኢንሱሊኔን የማስቀምጥበት ማቀዝቀዣ የለኝም" ግን ይፈታል። ችግሮቹ በሦስት ይከፈሉ፦ ሊፈቱ የሚችሉ፣ ሊፈቱ የማይችሉ፣ ብዙም የማያስጨንቁ። ከመጀመሪያዎቹ አንድ ቀላሉ ይመረጥ። ከዚያ ታማሚዋ መፍትሔ ትደርድር፣ ሞኝነት የሚመስለውንም ጭምር፦ የጎረቤት ፍሪጅ፣ ጤና ኬላ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ የሸክላ ማሰሮ። አንዱ ተመርጦ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚሠራው ይወሰን። ለመረጃ ያህል፣ በሥራ ላይ ያለ የኢንሱሊን ጠርሙስ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ማሰሮው ከዚያ በታች ለማድረግ ነው። ነርሷ መፍትሔውን ራሷ ካቀረበች ሥራው ያልቃል፣ ችሎታው ግን ታማሚዋ ጋ አይቀርም፤ ለሚቀጥለው ችግር እንደገና ትመጣለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ፒኤም ፕላስ ብሎ በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው ዘዴ ይህንኑ ከትንፋሽ ልምምድ፣ ከእንቅስቃሴና ከማኅበራዊ ድጋፍ ጋር አያይዞ በ5 ሳምንታዊ ቀጠሮ፣ በየቀጠሮው 90 ደቂቃ ይሰጠዋል። ሥልጠናና ክትትል ካገኙ የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎችም ሊሰጡት ይችላሉ። ለጤና ጣቢያ ነርስ 90 ደቂቃ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢገኝ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ሁሉ አብልጠን የምንመርጠው እሱን ነው።

ሦስተኛው ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ ነው። ስኳር ከተገኘባት ወዲህ ቡና መጠራራት የተወች ሴት "ከሰው ተቀላቀይ" ብትባል ምንም አታደርግም። "ማክሰኞ ከሰዓት እነ እትዬ ቤት፣ አቦሉን ያለ ስኳር ጠጥቼ እመለሳለሁ" ተብሎ ከታቀደ ትሄዳለች። ስሜቷ እስኪሻል መጠበቅ የለባትም፤ ስሜቱ ከሥራው በኋላ ነው የሚከተለው። ቡናው በጨው የሚጠጣበት ቤት ከሆነ ለግፊት ታማሚ ሳይጨመር ይቀዳ።

የቆየ ሕመም ላለበት ሰው መለኪያው ጥሩ ቀን አይደለም። ደህና በዋለበት ዕለት ቀኑን ሙሉ አረም ሲያርም ውሎ 3 ቀን የሚተኛ ገበሬ ድካሙ ይብሳል፣ ልቡም ይሰበራል። በመጥፎ ቀኑ የሚችለው 20 ደቂቃ ከሆነ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይጀምር፣ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምር፣ ጥሩ ቀን ሲመጣም ከዕቅዱ አያልፍ። ይህንን ማሳመን ከሁሉም ይከብዳል።

ቡድን መመሥረት ሲታሰብ ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ለስኳርና ለግፊት ቅሬው (የሰፈሩ እድር) ጥሩ መሰብሰቢያ ነው፤ ሰውም ቦታም አለው። ለኤችአይቪ ግን ቅሬ ውስጥ ሁሉም ሁሉን ስለሚያውቅ ጤና ጣቢያው ይመረጥ። ቡድን የሚበላሸው አንድ ተናጋሪ ሲቆጣጠረው፣ ወይም ሰዎቹ ክኒን መለዋወጥ ሲጀምሩ ነው። ሁለቱም በመጀመሪያው ቀን ሕግ ይሁኑ።

መንገዱና መመዘኛው

ከገጠር በየሳምንቱ ና ማለት ለትራንስፖርት ሲባል ክኒኑን እንዲተው ማድረግ ነው። ቀጠሮው ከመድኃኒት መውሰጃው ወይም ከገበያ ቀን ጋር ይግጠም፤ ለባቲ አካባቢ ሰው ሰኞ ገበያ ስለሚወጣ ያንኑ ዕለት ቢታይ ይቀለዋል። በመሃል ያለው ቀጠሮ በስልክ 10 ደቂቃ ይሁን።

የተመረጠው መንገድ ለ4 ሳምንት ይሞከር። ሕመም፣ እንቅልፍ ወይም ጭንቀት ከ0 እስከ 10 በመጀመሪያው ቀንና በመጨረሻው ይለካ። ሕመሙ ቢያንስ በ2 ካልቀነሰ፣ የፒኤችኪው 9 ድምር በ5 ገደማ ካልወረደ፣ ሌላ መንገድ ይሞከር ወይም ወደ ላይ ይላክ። መብላት ያቆመ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ወይም ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ሰው 4 ሳምንት አይጠበቅም።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው አጭር ይሁን፤ ተረኛዋ ነርስ አንብባ እንድትቀጥልበት፦ "ጠበል፣ ጠዋት፣ ግማሽ ሊትር፣ ከ1 ሊትር ተኩሉ ተቆጥሮ። ፉሮሴማይድ (የሚያሸናው ክኒን) አልተቋረጠም። ትንፋሽ በቀን 2 ጊዜ። ጭንቀት ከ8 ወደ 5። ነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አቁሟል። የሚቀጥለው፦ የጨው ጉዳይ።"